ደሴ ላይ ቤት ውስጥ መቅረጽ፦ ሶፍትዌር ስመርጥ ያየሁት

መጀመሪያ የተጠቀምኩበት የቀረጻ ፕሮግራም በፍላሽ ነው የመጣልኝ። ፊልም ከሚጭኑት ቤቶች አንዱ ጋ ጎራ ብዬ "ሙዚቃ መቅረጫ አለህ?" ስለው፣ ልጁ "ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች የሚሠሩበት አለ" አለኝ። ከነክራኩ (ሳይከፈል የፕሮግራሙን ቁልፍ የሚሰብረው)፣ ከነፕላጊኑ (በፕሮግራሙ ላይ የሚጨመሩት ትንንሽ ፕሮግራሞች) ፍላሼን ጢም አድርጎ ሞላልኝ። የከፈልኩት ከአንድ ምሳ አይበልጥም።

ሥራዬ የሰርግ ኪቦርድ መጫወት ነው። ከደሴ እየተነሳሁ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ከሚሴ፣ አንዳንዴም እስከ ወልድያ እሄዳለሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ የክርስቲያኑ ሰርግ ይቆማል፣ ረመዳን ሲገባ የሙስሊሙ። ሁለቱ የተገጣጠሙ ዓመት ኪቦርዱ ከነሽፋኑ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል። እንደዚያ ባለ ሰሞን ነው ቤቴ ውስጥ ድምፅ ልቅረጽ ብዬ የተነሳሁት። መንዙማ የሚያወጡ ወዳጆች አሉኝ፣ የሚዘምሩ አሉ፣ ማሲንቆ የሚጫወቱ አጎት አሉኝ። የሚቀረጽ ሰው አላጣሁም።

ያን ፕሮግራም ለመጫን አብሮት የመጣው መመሪያ መጀመሪያ የሚያዘው "አንቲቫይረሱን አጥፋ" ብሎ ነው። አጠፋሁ። የላፕቶፔ ራም 4 ጊጋ ብቻ ስለሆነ ፕሮግራሙ እስኪከፈት አንደኛው ቡና ተቀድቶ ይጠጣል። ቢሆንም ሠራ። አንድ የመንዙማ ጀማዓ ቤቴ መጥቶ አመሸን። ድቤው፣ ጭብጨባው፣ አውጪው፣ ተቀባዩ፣ ሁሉም ጥሩ ሆኖ ገባ። ከዚያ አንድ ጠዋት ላፕቶፑን ስከፍት የፋይሎቹ ስም መጨረሻ ተቀይሯል። ድምፁ፣ ፎቶው፣ የሰርግ ውሎቼ፣ አንዱም አይከፈትም። በየፎልደሩ አንድ የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል፤ ፋይልህን ከፈለግህ ክፈል ይላል።

ይህ ዓይነቱ ቫይረስ ፋይሉን አይሰርዘውም፣ ይቆልፈዋል። ቁልፉ ያለው ሌባው ጋ ነው። በክራክ ፕሮግራሞች ውስጥ ተደብቆ መምጣት ደግሞ ከታወቁት መንገዶቹ አንዱ ነው። ኮምፒውተር የሚጠግን ወዳጄ አየውና ከንፈሩን መጠጠ። ፎርማት አደረግነው። ከመንዙማው የተረፈው በቴሌግራም የላክሁላቸው ኤምፒስሪ ብቻ ነው። ዛሬም እሱኑ ነው የሚሰሙት። ድቤው ትንሽ ጮኋል፣ ልቀንሰው ብል ግን አይቻልም፤ ድቤውም ድምፁም አንድ ላይ ተጣብቀዋል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምላችሁ ይህን ነው። የሰው ድምፅ ቤታችሁ ሲቀመጥ አደራ ነው፤ በክራክ አትጫወቱበት። ነጻ የሆነ፣ ወይም ሳትከፍሉ በደንብ የምትሞክሩት ሕጋዊ ፕሮግራም ሞልቷል።

ከፎርማቱ በኋላ ኦዳሲቲን ጫንኩ። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ነጻ፣ ኮዱም ለማንም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። በደከመ ላፕቶፕ ላይም ይሮጣል። አንድ ሰው ግጥም ሲያነብ፣ ሼኹ ትምህርት ሲሰጡ፣ ለሱቅ ማስታወቂያ ሲነገር፣ ያንን ለመቅረጽና ቆርጦ ለማስተካከል ከዚህ የቀለለ አላገኘሁም። አሁንም ላፕቶፔ ላይ አለ። ሥራችሁ አንድ ድምፅ ብቻ ከሆነ የሚቀጥለውን ሁሉ ባታነቡትም ትችላላችሁ።

ለእኔ ችግሩ የመጣው ድምፅ በድምፅ ላይ ስደርብ ነው። ኪቦርዱን አስቀድሜ ቀረጽኩ። ዘፋኟ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች እላዩ ላይ ዘፈነች። መልሰን ስንሰማው ድምፅዋ ከኪቦርዱ ኋላ ኋላ ይጎተታል። "ዛሬ እኔን ምን ነካኝ?" ብላ ራሷን ወቀሰች። ደጋገምነው፣ ያው ነው። እሷ ምንም አላጠፋችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ድምፅን የሚቀበለው እንደ ቧንቧ ውሃ በባልዲ ነው፤ ባልዲው ካልሞላ አያነሳውም። ባልዲው በፈር ይባላል። ናሙና ማለት የድምፁ አንዲት ቅጽበት ልኬት ናት፤ በሰከንድ 44,100 ናሙና እየቀረጻችሁ በፈሩ 1024 ናሙና ከሆነ፣ እስኪሞላ ወደ 23 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ወደ 128 ብትቀንሱት 3 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይሆናል። ይህ መግቢያው ብቻ ነው፤ ድምፁ ወጥቶ ጆሮ እስኪደርስ ደግሞ ሌላ አለ። 3 ሚሊሰከንድን ማንም አያውቃትም። መግቢያና መውጫው ተደምሮ ሃያ ሠላሳ ሲያልፍ ግን ዘፋኝ ይደናበራል።

ዊንዶውስ ላይ ይህን መዘግየት የሚያሳጥረው አዚዮ የሚባለው ድራይቨር (ፕሮግራሙን ከድምፅ መግቢያው ጋር የሚያግባባው) ነው። ኩቤዝ የሚባለውን የቀረጻ ፕሮግራም የሚሠራው ስታይንበርግ የተባለ የጀርመን ኩባንያ በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፤ ዛሬ ከሌሎች ኩባንያዎች የቀረጻ ፕሮግራሞችም አብዛኞቹ ይጠቀሙበታል። እኔ የያዝኩት የኦዳሲቲ እትም ግን አይቀበለውም። ድምፅ የምትደርቡ ከሆነ ፕሮግራም ስትመርጡ ይህን ጠይቁ። ሳውንድ ካርድ (ማይክና መሣሪያ ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘውን ሣጥን) ለመግዛት አቅም እስክታገኙ ደግሞ አዚዮ ፎር ኦል የሚባል ነጻ ድራይቨር አለ፤ በላፕቶፑ በራሱ ድምፅ መግቢያ ላይ ይሠራል። ተአምር አይደለም፣ ግን ልዩነቱ ይሰማል።

ሳውንድ ካርድ ስትገዙ ኃይሉን በዩኤስቢ ከላፕቶፑ የሚወስደውን ምረጡ። እኛ አገር መብራት መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም። የእኔ ካርድ በዩኤስቢ ስለሚሠራ፣ ዘፋኝ መሀል ላይ ሆኖ መብራት ሲሄድ ክፍሉ ይጨልማል እንጂ ቀረጻው አይቆምም። ባትሪዋ የሞተች ላፕቶፕ ያላችሁ፣ ከፕላጊን በፊት ባትሪ ግዙ። አንድ ነገር ልጨምር፦ አዲስ ካርድ ከገዛችሁ በካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አትጣሉ። ብዙዎቹ የኩቤዝን ወይም የኤብልተን ላይቭን አነስተኛ እትም በነጻ የሚያስገኝ ኮድ ይዘው ነው የሚመጡት። የእኔ ሁለተኛ እጅ ስለሆነ ኮዱን ሰውየው ቀድሞ ተጠቅሞበታል። ሁለተኛ እጅ ስትገዙ ይህንንም ጠይቁና ዋጋ አስቀንሱ።

ካርዱን ካገኘሁ በኋላ ዋናው ፍለጋ ጀመረ። የእህቴ ልጅ "ኤፍኤል ስቱዲዮ ካልሆነ ሌላ አትንካ" ይለኛል። ሰፈሩ ውስጥ ያሉት ቢት ሠሪ ልጆች ሁሉ በእሱ ነው የሚሠሩት። አልተሳሳቱም። በ1997 እ.ኤ.አ. ፍሩቲ ሉፕስ ተብሎ ቤልጂየም ውስጥ የተጀመረ ነው። ከበሮን ካሬ በካሬ እየነካችሁ ቢት ለመገንባት እጅግ ደስ ይላል። አንዴ ከገዛችሁት የሚቀጥሉት እትሞች ሁሉ በነጻ ናቸው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሳትገዙ ግን ሁለት ነገር እወቁ። የሙከራው እትም የሠራችሁትን ሴቭ ያደርጋል፣ ያንን ፕሮጀክት መልሳችሁ ለመክፈት ግን መግዛት አለባችሁ። ሌሊቱን ሠርቶ ጠዋት ክው ያለ ልጅ አውቃለሁ። በሙከራው የምትሠሩ ከሆነ እያንዳንዱን ትራክ (ለብቻው የተቀመጠ ድምፅ) ለብቻው በዋቭ (ሳይጨመቅ በሚቀመጥ የድምፅ ፋይል) አውጡና ላፕቶፑን ዝጉ። ሁለተኛው፣ ርካሹ ፍሩቲ የሚባለው እትም ድምፅ ቀርጾ ከቢቱ ጎን ለመደርደር አይሆንም። ዘፋኝ ለምትቀርጹ ፕሮዲውሰር ከሚባለው ጀምራችሁ አስቡ።

እኔን ያላስማማኝ ሌላ ነው። እነዚያ ልጆች ቢቱን ጨርሰው ነው ዘፋኝ የሚጠሩት። እኔ ቤት የሚመጣው ሰው ግን ዘፈኑን ይዞት ነው የሚመጣው፤ ማሲንቆው መጀመሪያ ይመታል፣ ድምፁ መጀመሪያ ይወጣል፣ እኔ ኪቦርዴን ከኋላ እከተላለሁ። ይህን ስረዳ ነው "የቱ ይሻላል?" ማለቱን የተውኩት። ቤታችሁ ቀድሞ የሚመጣው ምንድን ነው? ቢት ከሆነ ኤፍኤል ስቱዲዮ። ሰው ከሆነ ለመቅረጽ ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም። ከዚህ ውጭ ያለው ክርክር አብዛኛው የልማድ ጉዳይ ነው።

ለመቅረጽ ከተሠሩት ውስጥ ስማቸው የገነነው ፕሮ ቱልስና ኩቤዝ ናቸው። ፕሮ ቱልስ ኢንትሮ የሚባል ነጻ እትም አለው፤ 8 የድምፅ ትራክ፣ 8 የመሣሪያ፣ 8 የሚዲ (ድምፁን ሳይሆን የተነካውን ኖታ የሚመዘግብ) ይፈቅዳል። ማሲንቆ፣ ድምፅ፣ ተቀባይና አንድ ኪቦርድ ለሚቀርጽ 8 ትራክ አያንስም። አይሎክ የሚባል የፈቃድ መቆጣጠሪያ አካውንት ይጠይቃል፣ ላፕቶፑም ጠንከር ያለ ቢሆን ይሻላል። ማክ ያላችሁ ጋራዥባንድ በነጻ አላችሁና ከሱ ጀምሩ። እኔ ማክ የለኝም፣ አልቀናሁም ብል ግን ውሸት ነው።

አዲስ አበባ የሚሠራ አቀናባሪ ወዳጅ አለኝ። የላፕቶፔን ነገር ስነግረው "ሪፐርን ሞክር" አለኝ። ስሙን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ማውረጃው ከ20 ሜጋባይት በታች ነው። ሌሎቹን በጊጋባይት ሳወርድ የሞባይል ፓኬጄ ሲያልቅ፣ መሀል ላይ ተቋርጦ እንደገና ስጀምር ለኖርኩት ሰው ይህ ቀልድ ይመስላል። ዋናው ሠሪው ጀስቲን ፍራንክል ነው፤ ዊንአምፕን የሠራው ሰውዬ። በየኢንተርኔት ካፌው ዘፈን የሰማንበት ያ ዊንአምፕ! የመጀመሪያው ሙሉ እትም የወጣው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ለ60 ቀን ምንም ሳይቆለፍበት ትሞክሩታላችሁ።

4 ጊጋ ራም ላይ ይከፈታል፣ ያውም በቅጽበት። የትራክ ብዛት ገደብ የለውም። ፕላጊን በዝቶበት ሲንገዳገድ ትራኩን "ፍሪዝ" ታደርጉታላችሁ፤ ውጤቱን ወደ ድምፅ ፋይል ቀይሮ ፕላጊኖቹን ያሳርፋል። አዚዮን ይቀበላል። ሲቀረጽ በፈሩን 128 አደርገዋለሁ፣ ሚክስ ሳደርግ (ድምፆቹን ሳመጣጥን) 1024፤ ሚክስ ላይ መዘግየቱ ማንንም አይጎዳም፣ ላፕቶፑ ግን ይተነፍሳል።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። መልኩ አያምርም። የእህቴ ልጅ ሲያየው "ይሄ የሂሳብ ሠራተኛ ፕሮግራም ነው እንዴ?" አለኝ። የማውጫው ብዛት ያደነግጣል፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። ከሁሉም በላይ የተዘጋጀ የመሣሪያ ድምፅ ይዞ አይመጣም፤ ፒያኖም ከበሮም ባዶ ነው። እኔ ኪቦርድ ስላለኝ ድምፁን በገመድ አስገብቼ እቀርጻለሁ። ኪቦርድ የሌለው ሰው ነጻ የመሣሪያ ፕላጊኖችን ለየብቻ ማውረድ ይኖርበታል። ቢት ሠሪ ከሆናችሁ ይህ ያማርራችኋል።

ክፍያውን ማንሳት ያለብኝ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው። ለግለሰብና ለአነስተኛ ሥራ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 60 ዶላር ቀላል ገንዘብ አይደለም። በዚያ ላይ አብዛኞቻችን ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ የለንም። ጂዳ ያለች የአክስቴ ልጅ ናት የከፈለችልኝ፤ ፈቃዱ በኢሜይል ነው የሚመጣው። እኔ ብሩን ለእናቷ እዚሁ ሰጠሁ። ወሎ ውስጥ ዐረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ጥቂት ነውና መንገዱ ለብዙዎቻችሁ ይሠራል። ከመላካቸው በፊት ግን ፈቃዱ በእናንተ ስም እንዲሆን ንገሯቸው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልግባ። ፕሮግራሙን ከመረጥኩ በኋላም ገና ነበርኩ። እነዚህ ፕሮግራሞች ሁሉ ሲከፈቱ አንድ ሐሳብ ይዘው ነው የሚከፈቱት፦ ዘፈን ሁሉ በአራት የሚቆጠር፣ ፍጥነቱ የማይለወጥ፣ ኖታውም ፒያኖ ላይ ያለ ነው ብለው። የእኛ ዘፈን ደግሞ እንደዚያ አይደለም።

አጎቴ ማሲንቋቸውን ይዘው መጡ። አምባሰል ተጫወቱ። ቀረጻው ጥሩ ወጣ፣ እኔ ግን ላሳምረው ብዬ የድምፅ ማስተካከያ ፕላጊን አደረግሁበት። ሜጀር ስኬል ላይ ነበር የተቀመጠው፣ እንደመጣ ተውኩት። በማግስቱ አሰማኋቸው።

"ይሄ የማን ማሲንቆ ነው?" አሉኝ።

"ያንቱው ነው እንጂ ጋሼ።"

"እኔ እንዲህ አልጫወትም። አምባሰሉን የት አደረግኸው?"

ጆሯቸው ትክክል ነበር። አምባሰል ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ቤሞል (በግማሽ ደረጃ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው። ሜጀር ስኬል ውስጥ ሬ ቤሞልም ላ ቤሞልም የሉም። ስለዚህ ፕላጊኑ ሁለቱን "ስተዋል" ብሎ ወደ ጎረቤት ኖታ ይስባቸዋል። ሁለቱንም ወደ ላይ ከሳባቸው የሚቀረው ዶ፣ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ነው። እስቲ እሱን ከፋ ጀምራችሁ ቁጠሩት፤ ሜጀር ትዝታ ይሆናል። አምባሰል ገብቶ ትዝታ ወጣ ማለት ነው፣ ማሽን ስለፈለገ ብቻ።

አንቺሆዬ ላይ ይብሳል። ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ የሚለው ራሱ ለፒያኖ የተጻፈ ግምት ነው፤ የድሮዎቹ ተጫዋቾች ጣታቸውን የሚያሳርፉት በሁለት ቁልፎች መካከል ነው። ማሪቱ ለገሰን የመሰለች ድምፃዊት አምባሰልን ስታንጎራጉር ድምፅዋ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው። ያንን መንሸራተት ፕላጊኑ ወደ ደረጃ ይቆራርጠዋል።

ስለዚህ ማስተካከያ ፕላጊን ስትመርጡ ኖታዎቹን አንድ በአንድ እንድትመርጡ የሚፈቅደውን ያዙ። ሪፐር አብሮት የሚመጣው ሪያቱን ይፈቅዳል፤ የቅኝቱን አምስት ኖታ ብቻ ትተዋላችሁ፣ ሌላውን ታጠፋላችሁ። ለዘፋኝ ድምፅ በልኩ፣ ፍጥነቱንም ዝግ አድርጋችሁ ተጠቀሙበት። ማሲንቆ ላይ ግን ጨርሶ አታድርጉት። ቅኝቱ ካልገጠመ ተጫዋቹን ድገሙልኝ በሉ። ኪቦርድ ደርባችሁ ከማሲንቆው ጋር ከተጣላባችሁ ደግሞ የኪቦርዱን ስኬል ቱኒንግ ክፈቱ፤ ብዙዎቹ የሰርግ ኪቦርዶች አላቸው፣ እያንዳንዱን ኖታ በትንሹ ከፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ኪቦርዱ ለማሲንቆው ይታዘዝ።

ቆጠራውም እንደዚሁ ነው። ጭክጭካ በስድስት ስምንተኛ ነው የሚሄደው። ፕሮጀክቱን ስትከፍቱ መጀመሪያ ቆጠራውን ወደ 6/8 ቀይሩ፤ በአራት ከጀመራችሁት ቢቱ ሁልጊዜ የሚያነክስ ይመስላችኋል። መንዙማ ላይ ደግሞ ክሊኩን (ቆጠራውን እየመታ የሚያሰማውን ድምፅ) አጥፉት። መንዙማ ቀስ ብሎ ተነስቶ እየጋለ ነው የሚሄደው፤ ድቤው ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይከተላል፣ ያ መጋል ነው መንዙማውን መንዙማ የሚያደርገው። አንድ ጊዜ አውጪውን ለብቻው ከክሊክ ጋር፣ ተቀባዩን በሌላ ቀን ለመቅረጽ ሞከርን። ያለተቀባይ አውጪው እንደ ትምህርት ቤት ልጅ አነበበው። አሁን ሁሉንም አንድ ላይ አስቀምጣለሁ፤ አንድ ማይክ ለአውጪው ቅርብ፣ አንዱ ለጀማዓው ራቅ ብሎ። ድቤ መቺውን ከአውጪው ማይክ ጀርባ ወዳለው ጥግ። ፕሮግራሙ ላይ ስናፕ የሚለውን ካላጠፋችሁት ስትቆርጡ የቆረጣችሁት ሁሉ ወደ መስመሩ እየዘለለ ያስቸግራችኋል፣ አጥፉት።

ጫጫታ ማጥፊያውንም በዘዴ። የማሲንቆ ደጋን ጭራው ላይ ሲሳብ ያለችው ሻካራ ድምፅ ለፕሮግራሙ ጫጫታ ናት፤ ለእኛ ግን ማሲንቆው ራሱ ናት። ብዙ ካጸዳችሁት ቫዮሊን ይመስላል፣ ያውም መጥፎ ቫዮሊን።

ስለ ክፍሉ ብዙ አልልም። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በደሴ ክረምት መቅረጽ አይቻልም፤ ዝናቡ ከዘፋኙ በላይ ይጮኻል። በጋን ጠብቁ። ከአዛንና ከቅዳሴ ድምፅ ማጉያ ጋር መታገልም ከንቱ ነው፤ ሰዓቱን አውቃችሁ መሀሉ ላይ ቅረጹ። ግድግዳው ላይ ፍራሽና ወፍራም ብርድ ልብስ በቂ ነው። ርጥበት ሲሆን የማሲንቆው ቆዳ ይረግባል፣ ቅኝቱም ይወርዳል። አጎቴ ከሰል ምድጃ አጠገብ ያሞቁታል። በየቀረጻው መካከል ቅኝቱን አረጋግጡ፤ ካልሆነ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀረጻ አይገጥሙም።

የድምፁ መጠን ሲገባ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ በታች 12 እስከ 6 ዲሲቤል መካከል ይሁን። 24 ቢት (የእያንዳንዷ ናሙና የልኬት ጥራት) ላይ ዝቅ ብሎ መግባት አይጎዳም፣ ዜሮን የነካ ድምፅ ግን አይመለስም። አውጪ ሲሞቀው ምን ያህል እንደሚጮህ በልምምዱ አትፍረዱ።

ስለ ማስቀመጥ፦ ሪፐር ውስጥ ፕሮጀክቱን መጀመሪያ ሴቭ ስታደርጉ ለፕሮጀክቱ የራሱ ፎልደር እንዲፈጥር የሚለውን ምልክት አድርጉ። ሴቭ ሳታደርጉ ከቀረጻችሁ ድምፆቹ ሌላ ቦታ ይቀመጡና ለመፈለግ ትደክማላችሁ። በየጥቂት ደቂቃው ራሱ ቅጂ እንዲያስቀምጥም ከማስተካከያው ውስጥ እዘዙት። ከቀረጻ በኋላ ሰዎቹ ሻይ ሲጠጡ ያ ፎልደር ወደ ውጭ ሀርድ ዲስክ ይገለበጣል፤ ሀርድ ዲስኩ ከዚያ ይነቀላል። ተሰክቶ የሚያድር ሀርድ ዲስክ ቫይረስ ሲመጣ አብሮ ይቆለፋል። 24 ቢት ላይ አንድ ማይክ ለአንድ ደቂቃ 8 ሜጋባይት አካባቢ ነው የሚወስደው፣ ስለዚህ ቦታ አልበቃኝም ማለት አያስኬድም። የዋናውን ዋቭ ሌላ ቅጂ ለጀማዓው ራሱ ስጡ። ቤታችሁ አንድ ነገር ቢሆን እነሱ ጋ ይገኛል።

ብዙ ልጆች "አዲስ አበባ ያለው ስቱዲዮ በፕሮ ቱልስ ስለሚሠራ እኔም እሱን ልግዛ?" ይሉኛል። አያስፈልግም። አቀናባሪው የሚፈልገው የእናንተን ፕሮጀክት ሳይሆን ድምፁን ነው። እያንዳንዱን ትራክ ለየብቻው በ24 ቢት ዋቭ አውጡ፤ ሁሉም ከዜሮ ይጀምሩ፣ ድምፁ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ የሚገባ ቢሆን እንኳ። እንዲህ ከሆነ የትኛውም ፕሮግራም ላይ ሲደረደሩ ራሳቸው ይገጥማሉ። ፕላጊኖቹን አጥፍታችሁ ላኩ፣ የናንተን ሚክስ ደግሞ በአንድ ፋይል ለማሳያ ጨምሩ። ለክሊፕ የታሰበ ከሆነ ከመጀመሪያው በሰከንድ 48,000 ናሙና ቅረጹ። በፋይሉ ስም ላይ ቅኝቱንና ቴምፖውን (ፍጥነቱን) ጻፉ። ክሊክ ያልተጠቀማችሁበት ከሆነም ያንኑ ጻፉላቸው፣ አለዚያ የሌለ ቴምፖ ሲፈልጉ ነው የሚያመሹት።